የሥራ ፈት መሰብሰቢያ ነውን?

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን የገጠር ከተማ ሻይ ቤት «የሥራ ፈት መሰብሰቢያና የእድገት ጠንቅ ነው» ሲል ጽፎ ነበር። ጽሑፉ በየመኝታ ክፍሉ ብዙ አድናቂ አግኝቷል። እኔ ግን የጨፋ ሸለቆ ልጅ ስለ ሆንሁ በዝምታ ላልፈው አልቻልሁም።

በመጀመሪያ የምንነጋገረው ስለ የትኛው ቤት እንደ ሆነ ይታወቅ። በደጋው ጠላ ቤት ነው፤ በዘንግ ጫፍ የተደፋ ጣሳ ያየ መንገደኛ ጎራ ይላል። እታች ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ግን አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ስለ ሆነ፣ ያንኑ አገልግሎት የሚሰጡት ሻይ፣ የጀበና ቡናና ቀሪቦ ናቸው። ቤቱም የአንድ ቤተ ሰብ ነው። እናት ከሱብሂ በፊት ተነሥታ ከሰል ታያይዛለች፤ አባት ስኳርና ሻይ ቅጠል ይገዛል፣ ሒሳብ ይይዛል፤ ልጆች ውኃ ይቀዳሉ፣ ብርጭቆ ያጥባሉ፣ በትሪ ለየሱቁ ያዳርሳሉ። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም።

እዚያ የሚቀመጠውስ ማነው? እሑድ የሰንበቴ፣ ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። አፋሩ ከበረሃው ግመልና ፍየል ነድቶ ይመጣል፤ የሸለቆው ኦሮሞ ማሽላውንና ማሾውን ያቀርባል፤ ደገኛው አማራ ገብሱንና ባቄላውን ጭኖ ይወርዳል። በበጋ ደግሞ አፋሩ ከብቱን ወደ ቦርከና ዳር፣ ወደ ጨፋ ሣር ስለሚያመጣ ለወራት ጎረቤት ይሆናል። አፋር ከአፋር ሲገናኝ «ዳጉ» ይለዋወጣል፤ የት ዘነበ፣ የት ከብት ታመመ፣ በመንገድ ማንን አየህ ሳይባባል አይለያይም። ይህ ወሬ ወደ ሌላው ሕዝብ ጆሮ የሚገባው በሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ነው። ማሾ አዲስ አበባ ስንት እንዳወጣ የሚናገረውም የደሴ መንገድ ሾፌር እዚያው ሻዩን እየጠጣ ነው። ገንዘብ ያጠረው ገበሬ በዱቤ ደብተር ይጻፍበትና አዝመራ ሲገባ ይከፍላል፤ ባንክ ያለ መያዣ የማያደርገውን ባለቤቲቱ ፊቱን አይታ ታደርገዋለች። ይህን ሥራ ፈትነት የሚል ሰው፣ ሥራ ማለት ምን እንደ ሆነ ያስረዳን።

ገዥዎችማ ነገሩ የገባቸው ከእኛ ቀድመው ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1511 የመካው ሹም ቡናን አገደ። በ1675 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ቡና ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ አዋጅ አወጣ፤ ጩኸቱ ሲበዛበት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሻረው። የሚሰበሰበው ሥራ ፈት ብቻ ቢሆን ኖሮ ንጉሡን ምን አስጨነቀው?

በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው ስንት ሰው እንዳለቀ፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ እንደ መጣ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰላም በአዳራሽ ተሰብስበናል፣ አጨብጭበናል። በአዳራሽ ተወካይ ይናገራል፤ በአግዳሚው ላይ በሬው የጠፋበት ሰው ራሱ ይናገራል፣ አጠገቡ የተቀመጠውም ይመልስለታል። እኔን የሚያስፈራኝ እያንዳንዱ የወገኑን ሻይ ቤት ብቻ መርጦ የሚገባበት ቀን እንዳይመጣ ነው። ያን ጊዜ ዳጉውም የወገን ወሬ ይሆናል።

ወንድማችን መንቀፍ ከፈለገ የሚነቀፍ ነገር አላጣም ነበር፤ ግን አላየውም። የቤተ ሰብ ሥራ ሲባል ሸክሙ የሚያርፈው በሴት ልጅ ላይ ነው። ባቲ ገበያው የሚቆመው ሰኞ ነው፤ ሰኞ ደግሞ የትምህርት ቀን ነው። የሻይ ቤት ልጅ ሰኞ ከክፍል ብትቀር ማን ይገረማል? ወንድሟ ቢቀር ግን አባትየው ይቆጣል። እኛ እዚህ ስለ ሴቶች እኩልነት ስንከራከር የምንጠጣውን ሻይ ማን እንደሚያቀርብልን ዞር ብለን አይተናልን?

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን እንዲመለከተው አሳስባለሁ። በክረምት ወደ ባቲ፣ ወደ ከሚሴና ወደ ሰንበቴ የምንገባ ተማሪዎች፣ እነዚህ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ገበያ ያስቀራቸውን የሒሳብና የቋንቋ ትምህርት ብናስጠናቸው፣ ወጪው ጠመኔና ጥቂት ደብተር ነው። ቦታም መፈለግ አያስፈልግም፤ ከመግሪብ በኋላ ቤቱ ሲቀዘቅዝ እዚያው አግዳሚው ላይ ይሆናል። ፈቃደኞች ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ። አባቶችንም አንድ ነገር እንለምናቸዋለን፤ ሰኞ ጧት ትሪውን እነሱ ይያዙ።