የመሣሪያው መግለጫ በኮዱ ሆድ ውስጥ አይቅር

ማንም ጓደኛችን እንደሚያውቀው፣ ከቦሌ እስከ ሰሚትና አያት በየኮንዶሚኒየሙ ተከራይተን የምንኖር የምሕንድስና ተማሪዎች፣ አንድ የመለማመጃ ቦርድ ለመግዛት መገናኛ እንወርድና ዋጋ ጠይቀን ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህማ መጠየቁም ቀርቷል። ስለዚህ የተጠጋነው ወደ ኢሙሌተር ነው። ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኪውኢሙ የተባለው ፕሮግራም፣ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የአርም ቦርዱንም፣ የኔትወርክ ካርዱንም፣ ዲስኩንም እንዳለ አድርጎ ያስመስልልናል፤ ዋጋም አይጠይቅም። ለዚህ ውለታው ምስጋናችን ከልብ ነው።

ቅሬታችን ወዲህ ነው። ከነዚህ መሣሪያዎች በአንዱ ለመጠቀም የፈለገ ተማሪ፣ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ፕሮግራሙን ራሱን ቢጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ደረቅ የስም ዝርዝር ነው። ኤዱ የተባለውን እንውሰድ። ይህ መሣሪያ በቼክ አገር በማሳሪክ ዩኒቨርሲቲ ለሚሰጥ የሊኑክስ ከርነል ትምህርት የታሰበ ነው። ቁጥር ቢጽፉበት ፋክቶሪያሉን አስልቶ ይመልሳል፤ ኢንተራፕት ይልካል፤ በዲኤምኤ መረጃ ያመላልሳል። ድራይቨር መጻፍ ለሚማር ሰው እንደ እርሱ ያለ መምህር አይገኝም። ነገር ግን እርዳታ ሲጠየቅ፣ «ዲኤምኤ ማስክ» የሚል ስም አውጥቶ ቁጥር መሆኑን ብቻ ይነግራል። ለምን እንደሚያገለግል፣ ካልነኩትም 28 ቢት እንደ ሆነ አይናገርም። ይህን ለማወቅ ሦስት ሆነን፣ መብራት በጠፋበት፣ በሞባይል ዳታ ሁለት ሌሊት ፈጅተናል። መግለጫው ለካ አለ፤ ያውም አምሮ ተጽፏል። የተቀመጠው ግን ተጠቃሚው ከሚያነበው ክፍል ሳይሆን ከቴክኒክ ዝርዝሮቹ መካከል ነበር።

ኤዱስ ዕድለኛ ነው። የብዙዎቹ መግለጫ በሲ ፋይሉ ራስጌ ወይም በሄደሩ ውስጥ በኮሜንት መልክ ቀርቷል። በአንዳንድ የአርም መሣሪያዎች ሄደር ላይ «የኪውኢሙ መገናኛ» በሚል ርእስ፣ መሣሪያው የሚቀበለው ሁሉ ተራ በተራ ተዘርዝሮ ይገኛል። ጻፊው ደክሞበታል፤ የሚያነበው ግን ኮዱን የከፈተ ሰው ብቻ ነው። በጥንቱ ትምህርት ቤት ንባቡ በብራና ሰፍሮ ሳለ፣ አንድምታው በመምህሩ አፍ ይኖር እንደ ነበረው መሆኑ ነው፤ ስንቁን ይዞ ጎንደር ድረስ ያልሄደ አያገኘውም ነበር።

«ኮዱ ክፍት አይደለም ወይ? ከፍታችሁ አንብቡ» የሚሉን አሉ። እዚሁ ቦሌ፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ አብራሪዎች በሲሙሌተር ይሠለጥናሉ። አንድ ማብሪያ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የሲሙሌተሩን ወለል ነቅሎ ሽቦ የሚከተል አብራሪ አልሰማንም፤ መመሪያ መጽሐፍ ይሰጠዋል።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ፣ ከኮዱ ተለይቶ የተቀመጠ ጽሑፍ ቶሎ ያረጃል የሚለው ነው። እውነት ነው። እኛም ጽሑፉ ከኮዱ ይነቀል አላልንም። ኪውኢሙ ራሱ የትእዛዝ አማራጮቹን የሚገልጸው በአንድ ፋይል ነው፤ ተጠቃሚው እርዳታ ሲጠይቅ የሚወጣውም፣ በመመሪያው የሚታተመውም ከዚያው ከአንዱ ፋይል ይቀዳል። ለአማራጮቹ የተቻለ ለመሣሪያዎቹ ለምን አይቻልም? ሠሪው እዚያው ኮዱ አጠገብ በታወቀ መልክ ይጻፍ፤ ማሽኑ አውጥቶ ለተጠቃሚው ያድርስ። መመሪያው የሚዘጋጅበት ስፊንክስ የተባለው መሣሪያ ትርጉም ስለሚቀበል፣ በአማርኛ የማናነብበት ምክንያትም አይኖርም።

ለነገሩ በዚህ ጉዳይ ላይ አፋችንን ሞልተን ለመናገር ጥቂት እናፍራለን። አምና ለመምህራችን ያስረከብነው የራሳችን ፕሮጀክት አንድ መስመር መግለጫ አልነበረውም፤ ዛሬ እኛው ስንከፍተው አይገባንም።

አሁን በኤዱ ጀምረናል፤ ለእርዳታው ትእዛዝ የሚሆን አጭር መግለጫ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አርቅቀናል፤ እንግሊዝኛውን ለአዘጋጆቹ እንልካለን። አንድ መሣሪያ መርጦ ዐሥር መስመር ለመጻፍ የፈቀደ ጓደኛ፣ ማክሰኞ ማታ ከላብራቶሪ በኋላ ላፕቶፑን ይዞ ይምጣ። ቻርጀሩንም አይርሳ፤ ያለን ሶኬት ሁለት ነው።