የሟች ወገን ያልተቀመጠበት ዕርቅ

የካረን ዊትሜየር መንፈሳዊና ታሪካዊ የፍቅር ልቦለድ «አት ላቭስ ኮማንድ» እ.ኤ.አ. በ1890 በሳውዝ ዳኮታ፣ በዉንድድ ኒ፣ በላኮታ ሕዝብ ላይ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ይከፈታል። ዋና ገጸ ባሕርዩ ከዘመቱት ፈረሰኞች አንዱ ነው፤ ይጸጸታል፣ ይጸልያል፣ የአንዲት ሐኪምንም ፍቅር ይታደላል። የአሜሪካ የፍቅር ልቦለድ ደራስያን ማኅበር በ2021 መጽሐፉን ሸለመ፤ ተቃውሞ ሲበረታ ግን ሽልማቱን ሻረ።

የመጽሐፉ ተሟጋቾች «ኃጢአተኛ ንስሐ አይገባምን?» ይላሉ። ይገባል እንጂ! ሆኖም በሐበሻ የሽምግልና ወግ የሟች ወገን ሳይቀመጥ፣ ካሳም ሳይቆረጥ ደም አይደርቅም። ልቦለዱ ሴቶችና ሕፃናት ካለቁበት ሜዳ ተነሥቶ የሚከተለው የዘማቹን ቁስል ነው። ጸጋ የእግዚአብሔር ነው፤ በይቅርታ ግን የተበደለው ድርሻ አለው። ያንን ድርሻ ማንም ደራሲ በሟቾች ስም ሊያድል አይችልም።