ስለ ልብስ መጠየቅ

ኦሪት ዘፍጥረትን በማስተዋል ላነበበ ሰው የዮሴፍ ታሪክ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው በልብስ የተያያዘ ሆኖ ይታየዋል፤ አባቱ ያዕቆብ ባሠራለት ብዙ ኅብር ባለበት ቀሚስ ምክንያት ወንድሞቹ ቀኑበት፣ በጲጥፋራ ቤት ጥሎት የሸሸው ልብስ በሐሰት መሰከረበት፣ ከወህኒ በወጣ ጊዜም ፈርዖን የተልባ እግር ልብስ አልብሶ በግብፅ ምድር ላይ ሾመው። ቅዱስ መጽሐፍ ሰውየው የለበሰውን ለመንገር ሦስት ጊዜ ቆም ማለትን ሳይንቅ፣ እኛ ግን አንድ ተማሪ ስለ ልብስ ታሪክ ሲጠይቅ ብንሰማ «ይህ የሥራ ፈት ነገር ነው» ብለን መገሠጻችን ከምን የመጣ እንደ ሆነ ዛሬ ላወጋ እወዳለሁ።

ነገሩን ያስነሣብኝ በአቃቂ ቃሊቲ የጎረቤቴ ልጅ የሆነች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የምትማረው የሒሳብ አያያዝ ነው፤ ልቧ ያለው ግን በአሮጌ መጻሕፍት፣ በአሮጌ ሸክላዎችና በአሮጌ ልብሶች ዘንድ ነው። ደብተሯን ስገልጠው፣ በአንደኛው ገጽ የድምፃዊው የዓለማየሁ እሸቴን የወጣትነት ፎቶግራፍ ለጥፋ የኮሌታውን ስፋት፣ የሱሪውን አቆራረጥና የጠጉሩን አበጣጠር በቀይ እስክሪብቶ እየጠቆመች ማብራሪያ ጽፋበታለች፤ በሚቀጥለው ገጽ የአያቷን ቀሚስ ጥለት በባለ ቀለም እርሳስ ሥላ፣ ከግርጌው «ማን ሸመነው? ስንት ቀን ፈጀበት?» የሚል ጥያቄ አስፍራለች፤ ከዚያም አልፋ፣ በአማርኛ ተተርጉመው በቴሌቪዥን ከሚታዩት የቱርክ ድራማዎች ያየችውን የቤተ መንግሥት ካባ ከእኛ መኳንንት ካባ ጋር አነጻጽራለች። አባቷ «ልጄ፣ ይህ እንጀራ ይሆንሻል?» ይሏታል። ለእኔ ግን «ጋሼ፣ በታሪክ መጽሐፋችን ንጉሡ ድል እንዳደረጉ ተጽፏል፤ የሠራዊቱን ሸማ ማን እንደ ሸመነው ግን አልተጻፈም» አለችኝ።

የልጅቱ ነቀፌታ መሠረት አለው፤ ልብሱን እየወደድን ሠሪውን ስንንቅ ኖረናልና። በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ታተመ፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ በሚቆጠረው በዚህ መጽሐፍ ጦቢያ የምትባለው ልጃገረድ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ስትወጣ፣ ወንድ የመሰለቻት አንዲት ወይዘሮ በፍቅሯ ትያዛለችና፣ የታሪኩ ቋጠሮ የታሠረው በአንድ የልብስ ለውጥ ነው። በዚያው ዓመት በአገር ቤት ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ፤ ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያሉ ማዋረድ እንዲቀር ንጉሠ ነገሥቱ እስከ ማወጅ መድረሳቸው፣ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ያስረዳል። ለጥምቀትና ለፋሲካ ሸማውን አንጽቶ የሚለብሰው ሕዝብ ሸማኔውን ይንቅ ነበር፤ የተናቀ ሰው ስሙ በዜና መዋዕል አይገባምና፣ ጥበቡን እያደነቅን የሠራውን እጅ ሳናውቅ ቀረን።

ስድሳ ዓመት ቆይቶ፣ በመጋቢት 1960 ዓ.ም.፣ ልብስ በስድስት ኪሎ ጠብ አስነሣ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኰንን አዳራሽ የተሰናዳውን የፋሽን ትርኢት ተማሪዎች የባዕድ ባህል ማስፋፊያ ነው ብለው ተቃወሙት፤ ፖሊስም ገብቶ ነገሩ ወደ ግርግር ተለወጠ። ገበሬው በባዶ እግሩ በሚሄድበት አገር ያ ቁጣ ከንቱ ነበር አልልም፤ ይሁን እንጂ ወቀሳው በለባሾቹ በሴቶቹ ላይ ሲበረታ፣ ጨርቁን ማን ፈተለው፣ ማንስ አተረፈበት የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ቀረ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ፣ ተማሪው መንግሥት የሰጠውን ካኪ ለብሶ ወደ ገጠር ወረደ፤ ያም በዚህ ስም አይጠራ እንጂ የዘመኑ ፋሽን ነበር።

ወደ አቃቂ ልመለስ። አሜሪካዊው ሮበርት ስኪነር በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ከአጤ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል በተዋዋለ ጊዜ፣ አገሩ ወደ ኢትዮጵያ ከምትልካቸው ሸቀጦች ዋነኛው አቡጀዲ ነበር፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ግን ከህንዶች ጋር በሽርክና የተቋቋመው፣ ኢንዶ ኢትዮጵያ ይባል የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዚሁ በአቃቂ ጥጥ ይፈትልና ይሸምን ጀመር፤ በ1967 ዓ.ም.ም እንደ ሌሎች ብዙ ፋብሪካዎች በመንግሥት ተወረሰ። ሌሊትና ቀን በፈረቃ እየገቡ ከድሩና ከማጉ ጋር ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኞች ዛሬም በየሠፈሩ አሉ፤ የሚጠይቃቸው ሰው ግን እምብዛም የለም።

ፋሽንን መውደድ ወደ ከንቱ ውዳሴና ከአቅም በላይ ወደ መግዛት ሊያደርስ እንደሚችል አልክድም፤ ነገር ግን ዛሬ አዲስ ተብሎ የሚሸጥለት ሰፊ ሱሪ አባቱ በጉብዝናው ወራት የለበሰው ቤልቦተም መሆኑን ያወቀ ተማሪ፣ ለአዲስነቱ ሲል ብቻ ገንዘቡን አይከፍልም። እንጀራውም ቢሆን ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ተወላጅ የሆነችው ሞዴል ሊያ ከበደ የሸማኔዎቻችንን ሥራ «ለምለም» በሚል ስም ለዓለም ገበያ አቅርባዋለች።

እንግዲህ ለዚያች ተማሪ የምሰጣት ምክር ደብተሯን እንድትዘጋ ሳይሆን ጥቂት ገጾች እንድትጨምርበት ነው፤ ወደ ፋብሪካው ጡረተኞች እየሄደች ምን ዓይነት ጨርቅ ይሠሩ እንደ ነበር፣ የቀን ደመወዛቸው ስንት ሜትር ይገዛ እንደ ነበር፣ የሸመኑትንም ራሳቸው ይለብሱት እንደ ሆነ ትጠይቅ፤ የሒሳብ አያያዝ ትምህርቷ እዚህ ላይ ሥራ ያገኛል። አባቷም የሙሽርነት ልብሳቸውን ማን እንደ ሰፋውና በስንት ብር እንደ ሆነ አስቀድመው ይንገሯት፤ ከዚያ በኋላ ስለ እንጀራው ቢገሥጿት የምትሰማቸው ይመስለኛል።