የእግር አውራ ጣት ሕመም ሁሉ ሪህ ነውን?





እኔ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ እንደ መሆኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ከሥሩ ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ የደሴን ዳገት ስወጣ ደግሞ ይብስብኛል። ከመገጣጠሚያው ላይም ጉብታ ወጣ። ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «ሪህ ነው፤ ሥጋ ተው» አለኝ። አንድ ክሊኒክም ጣቴን ሳይነካ ደሜን ብቻ መርምሮ፣ ዩሪክ አሲድህ ጥቂት ከፍ ብሏል ሲል የሪህ መድኃኒት ሰጠኝ። እኔም ሁለት ፋሲካ በሽሮ ዋልሁ፤ ልጆቼ እስከ ዛሬ ይሥቁብኛል። ሕመሙ ግን ንቅንቅ አላለም።

በኋላ አንድ የአጥንት ሐኪም ጣቴን ይዞ ወደ ላይ ቢያጥፈው አልታጠፍ አለ። ራጅ ብነሣ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ሽፋን አልቋል፤ ይኸውም የመገጣጠሚያ ማለቅ እንጂ ሪህ አይደለም። የቆየ ጉዳት አንዱ መነሻ ሊሆን ይችላል ቢለኝ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በባዶ እግሬ ኳስ ስመታ ያንኑ ጣት ከድንጋይ ጋር ማጋጨቴ ትዝ አለኝ።

እውነተኛው ሪህ ብዙ ጊዜ በሌሊት ድንገት ይነሣል፤ ጣቱ ይቀላል፣ ይግላል፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው አያስችልም፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥም ይበርዳል። የእኔ ዓይነቱ ግን ቀስ እያለ መጥቶ ጣቱን ያደርቀዋል። የደም ምርመራ ብቻውን አይፈርድም፤ ዩሪክ አሲዱ ከፍ ያለ ሰው ሁሉ ሪህ የለበትም፤ ሪህ በተነሣበት ሰዓትም ልኩ ደኅና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቁርጡን የሚያስታውቀው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚገኘው መርፌ መሳይ ክሪስታል ነው።

ሕክምናቸውም ለየቅል ነው። ለሪህ እንደ አሎፑሪኖል ያለ ዩሪክ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ይወሰዳል፤ ይህም መድኃኒት አልፎ አልፎ ብርቱ የቆዳ ጉዳት ስለሚያመጣ፣ በሽታው ለሌለበት ሰው በከንቱ ሊሰጥ አይገባም። ለእኔ የታዘዘልኝ ግን ፊቱ ሰፊ፣ ሶሉ የማይታጠፍ ጫማ ነው፤ የሰፈሬ ጫማ ሰፊ ጠንካራ ሶል ለጠፈልኝ፤ አሁን አምስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ አስተምራለሁ። ይህ ያልበቃው ሰው ጉብታው በቀዶ ሕክምና ይጠረብለታል፤ ሲብስም ሁለቱ አጥንቶች እንዲጋጠሙ ይደረጋል።

ብዙ ባልደረቦቼ ግን ዛሬም «ሪህ ነው» እያሉ ዲክሎፌናክ በየሳምንቱ በገዛ ፈቃዳቸው ገዝተው ይውጣሉ፤ ጨጓራቸውንና ኩላሊታቸውን የሚያስብላቸው የለም። ስለዚህ ሐኪሞቻችን ደም ከመቅዳታቸው በፊት ጣቱን በእጃቸው ይዘው እንዲያጥፉት እለምናለሁ።

አንድ አስተማሪ
ከደሴ