የማይጥለው የሚጥል በሽታ



ላፍቶ የምትኖር አንዲት እናት ስለ 7 ዓመት ልጇ ልታማክረኝ መጣች። ልጁ እያወራ ሳለ ድንገት ዐይኑ ይፈዛል፤ ቢጠሩት አይሰማም። ከ10 ሰከንድ ያህል በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህም በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። መድኃኒት ከጀመረ ወራት ቢያልፉም ለውጥ የለም። “መድኃኒቱን ትቼ በጸሎት ብቻ ልያዘው ወይ?” አለችኝ። ባለቤቷ ደግሞ በዚህ አልተስማማም።

እህቴ፣ መድኃኒቱን በድንገት አታቁሚ፤ ሕመሙን ሊያብስ ይችላል። ይልቅ የሚወስደው የትኛውን እንደሆነ ጠይቂ።

ይህ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን አይጥልም፣ አያንቀጠቅጥም። ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለሚጀምር ልጁ ሰነፍ ይባላል። በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ለሚያንቀጠቅጠው ዓይነት ይጠቅማል፤ ለዚህኛው ግን አይረዳም። ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ደግሞ ጭራሽ ሊያባብሱት ይችላሉ። ለዚህ የሚመረጡት ኢቶሱክሲማይድና ቫልፕሮኤት ናቸው። (ቫልፕሮኤት ጽንስን ስለሚጎዳ የሴት ልጅ ወላጆች ሐኪሙን አስቀድመው ያማክሩ።)

እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የወጣ፣ 453 ልጆችን ያካተተ ጥናት ሁለቱ ከላሞትሪጂን የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ሆኖም በእነዚህም ቢሆን ወደ ግማሽ ለሚጠጉት ልጆች የመጀመሪያው መድኃኒት በአራት ወር ገደማ አልሆነላቸውም። ስለዚህ አንድ መድኃኒት አልሠራም ማለት ተስፋ ተቆረጠ ማለት አይደለም። ሐኪሙ መጠኑን ከልጁ ክብደት ጋር ያስተያያል፣ የአንጎል ምርመራውን (ኢኢጂ) ይደግማል፣ ወደ ሌላ ይቀይራል ወይም ሁለቱን ያጣምራል። ይህም ካልሆነ ቅባት የበዛበትና እህል የተቀነሰበት ልዩ አመጋገብ አለ፤ ያለ ሐኪም ክትትል ግን በቤት አይሞከርም። ጤና ጣቢያችሁ እንደ ጥቁር አንበሳ ወዳለ የልጆች ነርቭ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል እንዲልካችሁ ጠይቁ።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ያለው አባት ልጁ ከመቼ ጀምሮ እንደታመመ ሲጠየቅ የሚያውቀውን ሁሉ ተናገረ። እናንተም በቀን ስንት ጊዜ እንደሚፈዝ በደብተር መዝግቡ፤ በሞባይል ቅረጹት፤ ለሐኪሙ አሳዩ። እስከዚያው ከምድጃ፣ ከውኃና ከመኪና መንገድ ጠብቁት። ለመምህሩም ንገሩ።

ባልና ሚስት ሆይ፣ አንዳችሁ ለጸሎት፣ ሌላችሁ ለክኒን አትቁሙ። አብራችሁ ጸልዩ፤ አብራችሁም በሰዓቱ ስጡት። አብዛኞቹ ልጆች ወደ ጉርምስና ሲደርሱ ይህ ሕመም ይለቃቸዋል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።