የቮልሷ መብራት

ባለፈው ሳምንት ስለ ደም ግፊት ስጽፍ፣ ምንም ስላላመማቸው ብቻ ድነናል ብለው መድኃኒት የሚያቋርጡ ሰዎችን አንስቼ ነበር። ዛሬም ጉዳዬ ግፊት ነው፤ የሰው ሳይሆን የሞተር ዘይት። «ሲስተር ጡረታ ወጥታ ጋራዥ ከፈተች እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ታገሡኝ፣ ነገሩ የቤት ጉዳይ ነው።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ትቶልን ካለፈው ነገር አንዷ ቮልሳችን ናት። ልጆቹን ይዛ ከመርሳ ወልድያ የተመላለሰችው፣ ማንጎውን የጫነችው፣ ሌሊት ምጥ መጣ ሲባል እኔን ሥራ ቦታ ያደረሰችው እሷ ናት። ዘንድሮ ልጄ «እማዬ፣ ቆማ ከምትበሰብስ እንሽጣት» አለኝ። ተስማማሁ። ገዢም ተገኘ፤ እዚሁ መርሳ የጎረቤታችን ልጅ፣ እኔው ራሴ ያዋለድኩት፣ አሁን እሱም የመጀመሪያ ልጁን የታቀፈ።

ችግሩ መብራቷ ነው። ሲሪንቃን አልፋ ወልድያ ደርሳ፣ ሞተሯ እንደጋለ ስትቆም፣ ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። አንድ ጓደኛው ልጄን መከረው፦ «ወፍራም ዘይት አድርግባት፣ በጣሳ የሚሸጠውን ማወፈሪያም ጨምር፣ መብራቱ ይጠፋል። ከዚያ ሽጣት።» ልጄም «ካልጠየቀኝ ምን አስለፈለፈኝ» አለ።

በሥራ ዘመኔ ልጃቸውን ወደ እኛ ከማምጣታቸው በፊት ማስታገሻ የሚሰጡ ወላጆች ብዙ አይቻለሁ። ክፋት የለውም፣ ልጁ እንዳይሰቃይ ብለው ነው። ትኩሳቱ ግን ወርዶ ይመጣና በሽታው ይደበቅብናል። የእኔ ልጅ ሐሳብ ግን ክፋት ነበረበት። ነገርኩት፣ አኮረፈ። በማግስቱ ይዤው ወልድያ፣ አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ዘንድ ሄድን።

ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ በአየርና በዘይት ነው የምትቀዘቅዘው። የምትይዘው ዘይት ደግሞ 2.5 ሊትር ብቻ ነው። እንደ ዛሬ መኪኖች የዘይት ፊልትሮ የላትም፤ ያላት ከሆዷ ሥር አንዲት የሽቦ ወንፊት ናት። ወንፊቷ ትልልቁን ቆሻሻ ታስቀራለች፣ ደቃቁ ከዘይቱ ጋር ይዞራል። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ በእኛ አቧራ ደግሞ ቀደም ተብሎ፣ ዘይቱ መቀየር ወንፊቷም መታጠብ ነበረባት። እኛ ለዓመታት እንጨምር ነበር እንጂ አንቀይርም ነበር።

ስለ መብራቷ የነገሩኝን ግን እስከዛሬ አላውቅም ነበር። መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ከግማሽ ባር በታች ሲወርድ፣ ማለትም ሊያልቅ ሲል ነው። መንገድ ላይ ግን ሞተሩ በ2,500 ዙር ወደ 2 ባር ገደማ ይፈልጋል። በመሀል ያለውን ሁሉ መብራቱ አያውቀውም። ጠፋ ማለት ዳነች ማለት አይደለም።

መካኒኩ የመብራቱን ማብሪያ ፈተው በቦታው የግፊት መለኪያ ገጠሙ። የእኛኑ የክንድ መለኪያ ይመስላል። ቀዝቃዛ ሳለች መርፌው ጥሩ ወጣ። ነድተዋት፣ ግላ ስትመለስ ግን ያው 2,500 ዙር ላይ ከ1 ባር ብዙም አላለፈ።

ብረትን ከብረት የሚለየው ቀጭን የዘይት ሽፋን ነው። ኩሽኔታው ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዘይቱም በዚያ ያመልጣል። ወፍራም ዘይት በሰፋው ክፍተት ቶሎ ስለማያልፍ መርፌውን ከፍ ያደርጋል፤ የተበላውን ግን አይመልስም። በጠዋት ብርድ ደግሞ ለመዳረስ ይዘገያል።

«ትልቅ ፖምፓ ብናስገባባትስ?» አለ ልጄ። ሰውየው ሳቁ። «የሚያፈስ ባልዲ ይዘህ ቧንቧ ልታሰፋ ነው?» አሉት። ሞተሯ ሳትሞቅ ግፊቱ በዝቶ የዘይት ማቀዝቀዣውን ሊጎዳው ይችላልም አሉ። በ1960ዎቹ የተሠሩ ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪኖቻቸውን የሚንከባከቡ አሜሪካውያንም በዚሁ በፖምፓና በወፍራም ዘይት ሲከራከሩ ይኖራሉ። ከእነሱ የሚወሰድ አንድ ቁም ነገር አለ፦ ዘይት ውስጥ የሚገባው የዚንክና የፎስፈረስ ቅመም የአዲሶቹን መኪኖች የጭስ ማጣሪያ እንዳይጎዳ በአዲሱ የቤንዚን ሞተር ዘይት ተቀንሷል። እንደ ቮልስ ያለ አሮጌ ሞተር ግን ቫልቭ የሚገፉት ብረቶች እየተፋተጉ ስለሚሠሩ ቅመሙን ይፈልጋል። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ አዲስ ምርት ስለሆነ ብቻ አትግዙ፤ ጠይቁ።

ወንፊቷ ስትወጣ በጥቁር ዝቃጭ ተደፍናለች። መካኒኩ ዝቃጩን መዳፋቸው ላይ አሽተው ወደ ፀሐይ አዞሩት። ያብለጨልጫል። የኩሽኔታ ብናኝ ነው። ልጄ ዝም አለ።

እዚህ ላይ ነርስነቴ ያስገድደኛል። የወጣውን የተቃጠለ ዘይት ልጄ በሃይላንድ ሊቀዳው ሲል ያዝኩት። ቤት ውስጥ የልጅ ልጆች አሉ። የመጠጥ ዕቃ ውስጥ ዘይትም ሆነ ናፍጣ አታስቀምጡ። ልጅ ከጠጣም አታስታውኩት፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባል። ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሞተሩን ከፍቶ ኩሽኔታ መቀየር አቅማችን አልነበረም። ወንፊቷ ታጥባ፣ የሚስማማት ዘይት ተሞልቶላት ተመለስን። መርፌው ትንሽ ብቻ ከፍ አለ።

እሑድ ገዢው ከነሕፃኑ መጣ። ቡና እየጠጣን ልጄ ራሱ ጀመረ፤ መብራቱን፣ መርፌውን፣ ብናኙን፣ አንድም ሳያስቀር ነገረው። ዋጋውንም ቀነሰለት። ልጁ ቮልሷን ዞሮ አያት፣ «ሲስተር፣ አንቺ ብትሆኚ ትገዣታለሽ?» አለኝ። ሞተሩን የምታሠራበት ገንዘብ ካለህ ግዛ፣ ከሌለህ አትግዛ አልኩት። ከአማቱ ጋር ሊማከር ሄደ፤ እስካሁን አልደወለም። ልጄ አሁንም እንዳኮረፈኝ ነው። ትናንት ጠዋት ግን የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ በጨርቅ እየጠረገ ሲያይ አገኘሁት።