አንድ ፊርማ፣ ብዙ ተማሪ፦ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የአማካሪ እጥረት

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ በመግቢያው ላይ የማጽደቂያ ገጽ ይኖረዋል። በገጹ ላይ የአማካሪውና የፈታኞቹ ስምና ፊርማ ይሰፍራል። የአማካሪው ፊርማ ካልተገኘ ሌሎቹ አይከተሉም። በግንቦትና በሰኔ ወረቀት ታቅፈው በየትምህርት ክፍሉ ኮሪደር የሚመላለሱት ወጣቶችና ጎልማሶች ብዙውን ጊዜ የሚጠብቁት ይህንኑ ፊርማ ነው።

የጥበቃው መንሥኤ በአብዛኛው በሰዎች ጠባይ ይተረጎማል። መምህራን ተማሪው አያነብም፣ ረቂቁን በመጨረሻው ሳምንት ይዞ ይመጣል ይላሉ። ተማሪዎች ደግሞ አማካሪው ስልክ አያነሣም፣ የላኩለትን ምዕራፍ ለወራት ሳያየው ያስቀምጣል ሲሉ ያማርራሉ። ሁለቱም ዓይነት ሰው በየተቋሙ አይታጣም። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ቅሬታ በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢና በካምፓላ ሲሰማ ጉዳዩን በግለሰቦች ጠባይ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። የአማካሪዎቹ ቁጥር ከተማሪዎቹ ጋር አልተመጣጠነም፤ የተማሪው ዕጣ ፈንታም በአንድ ሰው እጅ ላይ ተጠቃሏል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው እ.አ.አ. በ1978 ሲሆን፣ የዶክትሬት መርሐ ግብር የከፈተው በ1987 ነው። በእነዚያ ዓመታት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጥቂት ነበሩ። ከ2000 ወዲህ ግን የአገሪቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። አዲሶቹ ተቋማት መምህራን ያስፈልጓቸው ስለነበር የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪ ያላቸውን ቀጠሩ፤ ከዚያም እነዚሁኑ መምህራን ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ነባሮቹ ዩኒቨርሲቲዎች መልሰው ላኩ። ዶክተር ለማፍራት ዶክተር ያስፈልጋል። የተማሪው ቁጥር ባሻቀበበት በዚያው ዘመን ከአንጋፋዎቹ ምሁራን ጡረታ የወጡ፣ ወደ ውጭ አገር የሄዱና በአስተዳደር ሥራ የተጠመዱ ጥቂት አይደሉም።

መዘግየቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ከመምህራን ይልቅ በተማሪዎች ላይ ይከብዳል። ከክልል ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት የሚላክ መምህር የትምህርት ፈቃዱን የሚያገኘው ሲጨርስ ተመልሶ ለማገልገል ውል ፈርሞ፣ ዋስ ጠርቶ ነው። የአራት ዓመቱ ፈቃድ አልቆ ጥናቱ ካላለቀ ማራዘሚያ ይለምናል። ማራዘሚያው ካልተፈቀደለት ደመወዙ ሊቋረጥ ይችላል፤ ውሉን ካፈረሰ ደግሞ ዕዳው ከራሱ አልፎ ወደ ዋሱ ይሻገራል። ዋሱ ብዙ ጊዜ ወንድም፣ የቅርብ ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ ነው። ስለዚህ ያልተነበበው ሦስተኛ ምዕራፍ፣ ስለ ጥናቱ ምንም በማያውቅ ሰው ደመወዝ ላይም ያንዣብባል።

በአማካሪው በኩል ሲታይ ስሌቱ ሌላ ነው። በሳምንት በርካታ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር፣ ፈተና የሚያርምና በየኮሚቴው የሚቀመጥ መምህር ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚያገኘው ክፍያ ረቂቁን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ለማንበብ የሚጠይቀውን ሰዓት አይመልስም። ደመወዙ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ሊራመድ ባለመቻሉም ብዙዎች በግል ኮሌጅ ያስተምራሉ፤ ወይም ለእርዳታ ድርጅቶች የማማከር ሥራ ይይዛሉ።

ይህን ልማድ በአደባባይ ከሞገቱት ምሁራን አንዱ ዩጋንዳዊው ማህሙድ ማምዳኒ ናቸው። እ.አ.አ. በ2010 የማኬሬሬ የማኅበራዊ ጥናት ተቋምን እንዲመሩ የተሾሙት ማምዳኒ፣ በቀጣዩ ዓመት ባደረጉት ንግግር የአማካሪነት ሥራ የምርምር ባህልን እየበላው ነው ሲሉ ተከራከሩ። በእርሳቸው አመለካከት የሚከፈለው ባለሙያ ሌላ ሰው ለጠየቀው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፤ ተመራማሪ ግን ጥያቄውን ራሱ መቅረጽ አለበት። ተማሪዎች ከአማካሪያቸው በቅርብ የሚያዩት የፊተኛውን ከሆነ የኋለኛውን ከማን ሊማሩ እንደሚችሉ መገመት ይከብዳል።

ችግሩን በቁጥር ገደብ ለመፍታት የሞከረችው ኬንያ ናት። የአገሪቱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽን እ.አ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ አንድ መምህር በአንድ የትምህርት ዘመን ከአምስት የማስተርስና ከሦስት የዶክትሬት ተማሪዎች በላይ እንዳያማክር ደንግጓል። ይሁንና በዚያው ሰሞን ሌላ ውሳኔም ተላለፈ፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ ዶክትሬት እንዲይዙ ተጠየቁ። አንዱ ደንብ በሩን ሲያጠብ ሌላው ሰልፉን አስረዘመ።

ውጤቱ ብዙም ሳይቆይ ታየ። በሰኔ 2019 የጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በአንድ የምረቃ ሥነ ሥርዓት 118 የዶክትሬት ተማሪዎችን አስመረቀ። ከፍተኛ ክርክር ተቀሰቀሰ፤ የወቅቱ የትምህርት ሚኒስትር ጆርጅ ማጎሃም ጉዳዩ እንዲመረመር አዘዙ። ኮሚሽኑ በማማከሩ ሂደት የደንብ ጥሰቶች ማግኘቱን ሲገልጽ፣ ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ ለተመራቂዎቹ ጥብቅና ቆመ። ከክርክሩ በኋላ ለዓመታት የለፉ ተመራቂዎችም ሳይቀሩ የዲግሪያቸውን ክብር ለማስረዳት ተገደዋል። የገደቡ ቁጥር ትክክል ነበር ማለት ይቻላል፤ የጎደለው ቁጥሩን የሚጠብቅ አካል ነበር።

አማካሪው የማያነብለት ወይም አላግባብ የሚያጉላላው ተማሪ አቤት የሚልበት ቦታ አለው ወይ የሚለው ጥያቄ ከቁጥሩ ይልቅ ስስ ነው። በወረቀት ደረጃ የትምህርት ክፍሉ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴ አለ። የኮሚቴው አባላት ግን የአማካሪው ባልደረቦች ናቸው፤ ነገ ፈታኝ ሆነው የሚቀመጡትም እነርሱው ናቸው። መምህርን በአደባባይ መክሰስ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ባህል፣ ሥራ የያዘና ልጆች ያሉት ተማሪ ሳይቀር በአማካሪው በር ላይ እንደ ደቀ መዝሙር ቆሞ ይጠብቃል። ሴት ተማሪዎች ደግሞ ተጨማሪ ስጋት አለባቸው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ወይም ከቢሮ ውጭ የሚያዝ ቀጠሮ ሲመጣ፣ ሄዶ አደጋ ላይ ከመውደቅና ቀርቶ ፊርማውን ከማጣት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል። አማካሪን የመቀየር መብት በደንብ ቢጻፍም፣ በአንድ የሙያ ዘርፍ ሁለት ባለሙያ ብቻ ባለበት የትምህርት ክፍል የሚቀየርበት ሌላ ሰው የለም።

በዚህ ክፍተት ውስጥ ገበያ ተፈጥሯል። አዲስ አበባ ውስጥ በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢና በቴሌግራም ቻናሎች ለመመረቂያ ጽሑፍ «እገዛ» እንሰጣለን የሚሉ ማስታወቂያዎች ይታያሉ። እገዛው ከስታቲስቲክስ ስሌት ይጀምርና ሙሉ ጽሑፍ እስከ መሸጥ ሊደርስ ይችላል። በናይሮቢ ንግዱ ድንበር ተሻግሯል። እ.አ.አ. በ2024 የወጣው «ዘ ሻዶው ስኮላርስ» የተሰኘ ጥናታዊ ፊልም፣ የኦክስፎርዷን ፕሮፌሰር ፓትሪሺያ ኪንጎሪን ተከትሎ፣ በምዕራባውያን ዩኒቨርሲቲዎች ላሉ ተማሪዎች በክፍያ የሚጽፉ ኬንያውያን ወጣቶችን ያሳያል። በአገራቸው ለችሎታቸው ቦታ ያላገኙ ሰዎች የሌላውን ሰው ዲግሪ ይጽፋሉ። ድርጊቱ ማጭበርበር መሆኑ አያከራክርም፤ የጽሑፉን ባለቤት በትክክል የሚያውቅ አማካሪ ባለበት ግን ገበያው ያን ያህል አይደራም ነበር። ተማሪውን ወር በወር የሚያገኝ፣ ያልተስተካከለ የመጀመሪያ ረቂቁን የሚያውቅ መምህር በድንገት የመጣ እንከን የለሽ ምዕራፍ ያጠራጥረዋል።

ጦርነት ደግሞ በቀጠናው የነበረውን ደካማ ግንኙነት በጥሶታል። ከኅዳር 2020 በኋላ ትግራይ ስልክና ባንክ በአብዛኛው ተቋርጦባት በቆየችባቸው ሁለት ዓመታት፣ ተማሪና አማካሪ በኢሜይል እንኳ መገናኘት አልቻሉም ነበር። በሱዳን ሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት በተጀመረ በሁለተኛው ወር፣ በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ጥናቱን በዚያ ስብስብ ላይ የመሠረተ ተማሪ አማካሪው በሕይወት ተርፎ በስደት ቢያገኘው እንኳ፣ ሁለቱ ተገናኝተው የሚያነቡት ሰነድ የለም።

ከአንድ ፊርማ የተሻለ አማራጭ መኖሩ ግን በተግባር ታይቷል። ማኬሬሬ ከ2000 ጀምሮ ከስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመሠረተው ትብብር ተማሪው አገር ቤትም ስዊድንም አማካሪ እንዲኖረው ተደርጓል። በ2008 የተመሠረተውና ናይሮቢ በሚገኝ የሥነ ሕዝብና የጤና ምርምር ማዕከል እንዲሁም በጆሃንስበርጉ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው «ካርታ» የተባለ ጥምረት፣ የዶክትሬት ተማሪዎችን ከየአገሩ ሰብስቦ በጋራ ሴሚናሮች ያሠለጥናል። አማካሪዎችንም ያሠለጥናል፤ ማማከር ዲግሪ ስለተያዘ ብቻ የሚታወቅ ሙያ እንዳልሆነ መቀበሉ ራሱ አንድ እርምጃ ነው። ማምዳኒም በ2012 በጀመሩት የዶክትሬት መርሐ ግብር ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኮርስ እንዲማሩ፣ ብዙ መምህራንም እንዲያውቋቸው አድርገዋል።

እነዚህ መንገዶች በነጻ አይገኙም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በውጭ ገንዘብ ላይ ቆመዋል፤ የውጭ ገንዘብ ደግሞ ሰጪው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቆማል። የማኬሬሬው ለውጥም ያለ ጠብ አላለፈም። በ2016 በተቋሙ አመራርና በአንዲት ተመራማሪ መካከል ተነሥቶ ዓለም አቀፍ ዜና የሆነው ውዝግብ አንዱ መነሻ፣ ለምርምር የተቀጠረ ሰው በዶክትሬት መርሐ ግብሩ የማስተማር ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም የሚል ነበር።

የውጭ ገንዘብ ሳይጠበቅ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተመራቂዎቹን ጽሑፎች በኤሌክትሮኒክ ማከማቻው ለሕዝብ ያቀርባል፤ በማከማቻው ውስጥም የጽሑፉ ርዕስና ዓመት ከአማካሪው ስም ጋር ተመዝግቧል። የትኛው ስም በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ለማወቅ የሚያስፈልገው ኢንተርኔትና የአንድ ከሰዓት ትዕግሥት ነው።